«አብሽር» ሴሚያስ አይጠግንም

ወሎ ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚሆን አንድ ቃል አለ፤ «አብሽር»። ዝናቡ ዘገየ? አብሽር። ፈተናው ከበደህ? አብሽር። ከደሴ ወደ ኩታበር የሚሄደው መኪና ከሥሩ «ጓ… ጓ…» እያለ ነው? «አብሽሪ እህቴ፣ ድሮም እንዲህ ነው!»

በቃሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያዘነን ያጽናናል፣ ተስፋ የቆረጠን ያበረታል። ቅሬታዬ ቃሉ ለብረት ሲነገር ነው። ብረት አይጽናናም። ያለቀ ብረት «አይዞህ» ስለተባለ አይጠነክርም። እናም ዛሬ የምጽፈው ስለ ሴሚያስ ነው። (አዎ፣ ስለ መኪና ሴሚያስ! ሳቃችሁን ስትጨርሱ እንቀጥላለን።)

ነገሬ በአጭሩ ይኼ ነው፦ ሴሚያስ ሳይናገር የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀናት፣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቀደም ብሎ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ መንገድ ላይ ተሰብሮ ሰው ያንገላታ ሴሚያስ «ድንገተኛ» ሳይሆን የውሳኔ ውጤት ነው፤ አንድ ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ለመሆን ወስኗል። ውሳኔው ደግሞ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። የባለንብረቱም፣ የመርማሪውም፣ ከኋላ የተቀመጥነው የእኛም እጅ አለበት።

ለመሆኑ ሴሚያስ ምንድነው?

የአገራችን ጋራዥ ግማሽ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ… ሴሚያስም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ «ግማሽ ዘንግ» እንደማለት ነው። ግማሽ የተባለው ለግራው ጎማ አንድ፣ ለቀኙም አንድ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ያመነጨው ኃይል በካምቢዮና በዲፍረንሻል በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ ጎማውን የሚያዞረው በዚህ ዘንግ ነው።

እንደ ቪትዝ ባሉ የፊት ጎማቸው በሚጎትታቸው መኪኖች ላይ የሴሚያስ ኑሮ ከባድ ነው። ጎማው በመሪ ወደ ግራና ቀኝ ይታጠፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል፤ ዘንጉ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ኃይል ሳያቋርጥ መዞር አለበት። ለዚህ ሲባል በሁለቱም ጫፎቹ የሚተጣጠፉ መገጣጠሚያዎች ተሠርተውለታል። በጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። በብዛት ወደ ተራው ሰው መኪና ያስገባችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ ናት።

ኳሶቹ እንዳይበላሉ የሚያደርጋቸው ግሪስ ነው። ግሪሱን ከውስጥ የሚይዘውና አቧራውን ከውጭ የሚከለክለው እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ላስቲክ ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ በእርጅና ይሰነጠቃል፣ ወይም ድንጋይ ይቀደዋል። ዘንጉ ሲሽከረከር ግሪሱን በስንጥቁ ይተፋል። በቦታው አቧራና ውኃ ይገባል። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ማለስለሻ መሆኑ ቀርቶ መሞረጃ ይሆናል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ኩታበር ከደሴ በሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንዲት ቪትዝ ጎማ ይህን መንገድ ለመጨረስ 11 ሺህ ጊዜ ገደማ ይዞራል። ደርሶ መልስ 22 ሺህ። በአሸዋ የተለወሰ ግሪስ ውስጥ፣ በየቀኑ 22 ሺህ ጊዜ መፋጨት ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ላይ አብሽር ብንል ማንን እያታለልን ነው?

መኪናው ምን ይላል?

የመኪና ቋንቋ ከባድ አይደለም። አንደኛው ምልክት ድምፅ ነው። መሪው እስከ ጥግ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከፊት ጎማ በኩል ከመጣ፣ የውጭው መገጣጠሚያ እያለቀ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቀጭቀጭታውም ይፈጥናል። ብዙ ጊዜ የታመመው ከመታጠፊያው ውጭ በኩል ያለው ነው፤ ወደ ቀኝ ስትዞሩ ከጮኸ የግራውን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ከተርገፈገፈና እግር ሲነሳ ዝም ካለ፣ ወደ ካምቢዮው ያለው የውስጥ መገጣጠሚያ ተበልቷል። ሦስተኛው «ጓ» የሚለው ነው፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር፣ ወይም ነዳጅ ለቀቅ ተደርጎ እንደገና ሲረገጥ ይሰማል። አራተኛው በዓይን የሚታይ ነው፤ ጎማው ከውስጥ በኩል በጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ከተገኘ ላስቲኩ ተቀዷል። ይኼኛው ምልክት ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ከድምፁ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ሁሉም ድምፅ የሴሚያስ አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር እየጨመረ የሚሄድ፣ እግር ከነዳጅ ቢነሳም የማይጠፋ «ዉዉዉ» የሚል ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም በአንድ ፍጥነት ላይ መሪ የሚያንቀጠቅጥ ደግሞ የጎማ ባላንስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ሴሚያስ ነው» ከማለት በፊት ባዶ ሜዳ ላይ መሪን እስከ ጥግ አጥፎ ቀስ ብሎ በክብ መንዳት፣ ከዚያም በስልክ መብራት ከጎማው ጀርባ ማየት የሚያስፈልገው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሚኒባስና አይሱዙስ? እነሱን የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው። የሃይስ ሚኒባስ ሴሚያስ በወፍራም የብረት ቤት ውስጥ ስለተደበቀ የሚቀደድ ላስቲክ የለውም። የራሱ ቋንቋ ግን አለው። ከኋላ የሚመጣ ጉርምርምታ የሴሚያሱ ኩሽኔታ እያለቀ መሆኑን ሊናገር ይችላል። ከኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል የሚወርድ ዘይት ደግሞ የከፋ ዜና ነው፤ ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል፣ የረጠበ ሸራ አይዝም። ኩሽኔታው ወይም መያዣው ጨርሶ ከለቀቀ ዘንጉ ጎማውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አይሱዙ ላይ ጎማው በራሱ ኩሽኔታዎች ስለተያዘ ሴሚያስ ቢሰበር ጎማው አይወጣም። እሱ ላይ መታየት ያለበት ጎማው መሐል ያሉት ብሎኖች መላላታቸውና በዙሪያቸው ዘይት ማዠቱ ነው። ባጃጅም ብትሆን ከሞተሯ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚሄዱ አጫጭር ዘንጎች አሏት።

ለምን በኩታበር መንገድ?

አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ ሴሚያስ ቢሰበር መኪናው ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ ገፍተው ዳር ያወጡታል። ደጋው ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ዲፍረንሻል አንድ ጠባይ አለው። አንደኛው ሴሚያስ ከተሰበረ ኃይሉ ሁሉ በተሰበረው በኩል ባዶውን ይሽከረከራል፤ ደህነኛው ጎማም ምንም አያገኝም። ዳገት ላይ ይኼ ማለት መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። ልምድ ያለው ሾፌር ቁልቁለት የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለትና ፍሬኑ እንዳይግል። ሴሚያሱ ሲበጠስ ይኼ በማርሽ መያዝ የሚባለው ነገር በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ቀድሞውኑ ግሎ ከነበረ፣ ወይም ሸራው ዘይት ጠጥቶ ከነበረ… ቀሪውን እናንተው ጨርሱት። መኪናውን አቁሞ «ማርሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ» ማለትም አይሠራም፤ የተሰበረ ዘንግ ማርሽ አይዝለትም። የእጅ ፍሬንና ጎማ ሥር የሚገባ ታኮ ግድ ነው።

አገሩ ደግሞ ለመንኮራኩር አዝኖ አያውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር፣ ከኩታበር በስተ ምዕራብ እስካለችው መቅደላ ድረስ ሲያስጎትቱ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። ገደሉን እየቆረጡ፣ መንገድ እየሠሩ፣ በብዙ መቶ ሰው እያስጎተቱ ነው የደረሱት። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው። አሁን ያንን የሚያህል እህል የጫነ አይሱዙ በአንድ ሾፌርና በአንድ ረዳት ይሄዳል። መቶዎች በገመድ የተሸከሙትን ሸክም የሚሸከሙት ዛሬ ሁለት ዘንጎች ናቸው። ወደ ተንታም ይሁን በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ዳገትና ቁልቁለቱ አልተነሳም።

በዚህ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ከከተማ ርቆ፣ ሲመሽ፣ መንገድ ላይ መቆም የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ለወላድ፣ ለታማሚ፣ ለነጋዴ የተበላሸ መኪና ዋጋ በብር ብቻ አይተመንም።

ማን ይክፈል?

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። ብዙ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና የሚሠራው በገቢ ነው። ሾፌሩ በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ለባለንብረቱ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። አሁን ላስቲክ ተቀደደ እንበል። መኪናው ግማሽ ቀን ከቆመ የሚጎዳው ሾፌሩ ነው፣ ምክንያቱም የቀን ገቢው ይቆረጥበታል። ዕቃውን መግዛት ያለበት ደግሞ ባለንብረቱ ነው፤ እሱ ግን ድምፁን አይሰማም፣ አይሳፈርበትማ! ሾፌሩ «ባለንብረቱ ይንገረኝ» ይላል፣ ባለንብረቱ «ሾፌሩ ምን ይሠራል?» ይላል። ላስቲኩ በመሐል ግሪሱን ይተፋል። ክፋት የለም፤ ሁለቱም በገዛ ሒሳባቸው ትክክል ናቸው። ችግሩ የሁለቱ ትክክል ሲደመር የእኛን ስህተት የሚያህል ገደል መሥራቱ ነው።

«አንቺ ደግሞ! የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ?» የሚሉኝ እንዳሉ ይገባኛል። ትክክል ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ብርም ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተሰቀለ። አሮጌው መኪና በአዲስ የመተካቱ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አይደለም።

ግን ይኼ ክርክር የሚያግዘው እኔን ነው። መኪናው የማይተካ ከሆነ መጠበቅ አለበት። የላስቲክ፣ የግሪስና የማሰሪያ ዋጋ ከሙሉ ሴሚያስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሙሉ ሴሚያስ ደግሞ ከመጎተቻ፣ ከተበላሸ ካምቢዮና ከቀናት ገቢ ጋር አይወዳደርም። (ቁጥር ያልጻፍኩት ዋጋው ዛሬና ነገ አንድ ስለማይሆን ነው። ሶማሌ ተራ የሚያልፍ ሰው ሁለቱን ጠይቆ ያነጻጽር።) አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብዙ አትኩሩ፤ የእናንተም ሞተር ጎማውን የሚያዞረው በሴሚያስ ነው፣ ያውም ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን እየጣለበት።

ሲቀየር እንዴት ይቀየር?

ላስቲኩ ገና ከተቀደደና ድምፅ ከሌለ ሙሉውን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። መገጣጠሚያው ተፈትቶ፣ አሮጌው ግሪስ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ፣ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ግሪስና አዲስ ላስቲክ ይገባለታል። አንዴ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ግሪስ መሙላት ለሻጭ እንጂ ለመኪናው አይጠቅምም። ብረቱ ተበልቷል፣ አያድግም።

ሙሉው ሲቀየር ጋራዥ ቆማችሁ የምትከታተሉት ይኼን ነው። የመሐሉ ትልቁ ብሎን መጀመሪያ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ በክሪክ ይነሳል፤ ግን በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም፣ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይደረግለታል። ጎማው ይወልቃል፣ ጎማውን ከታች የያዘው ክንድ ይፈታል፣ የዘንጉ የውጭ ጫፍ ይወጣል። ጥርሱን በመዶሻ የሚቀጠቅጥ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። የውስጡ ጫፍ ከካምቢዮው ሲነቀል ዘይት ስለሚፈስ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ዘይት የሚከለክለው ቀለበት እንዳይጎዳም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ከአሮጌው ጎን ይተኛ። ርዝመቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነም የኤቢኤስ ቀለበቱ አንድ መሆን አለበት። «ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ርካሽ ይሻላል» የሚባለው ሁልጊዜም ሐሰት አይደለም፣ ሁልጊዜም እውነት አይደለም፤ ያገለገለውን በእጅ አጣጥፋችሁ ሻካራነትና መወላለቅ ካለው፣ ላስቲኩም ከተሰነጠቀ፣ የገዛችሁት የሌላ ሰው ችግር ነው። ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ ሲቀመጥ «ጠቅ» ብሎ መያዝ አለበት። በመጨረሻ መኪናው መሬት ላይ ወርዶ የመሐሉ ብሎን በቶርክ ሬንች፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃል። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ጉልበተኛ ኩሽኔታውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ያላላ ደግሞ የባሰ ነው። የፈሰሰው የካምቢዮ ዘይት ይሞላል። ከዚያ ያ ባዶ ሜዳ፣ ያ ክብ፣ እንደገና።

እና ምን ይደረግ?

ባለንብረቶች፦ ከየቀኑ ገቢ ትንሽ ቆርጣችሁ ለጥገና ብቻ አስቀምጡ፤ ሾፌሩ ላስቲክ ለማስቀየር መኪና ባቆመበት ቀን ደግሞ ገቢ አትጠይቁት። ያን ጊዜ ሾፌሩ ድምፁን ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም። ሾፌሮች፦ በሳምንት አንዴ ጎንበስ ብላችሁ ከጎማው ጀርባ እዩ።

መርማሪዎች፦ መኪና በየዓመቱ ቦሎ ከማግኘቱ በፊት የሚመረመረው በሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለዚሁ የወጣ ነው። ምርመራ ማለት ግን መብራት አብርቶ ማጥፋት አይደለም። መኪናው ይነሳ፣ ጎማው በእጅ ይዙር፣ የተቀደደ ላስቲክና የኋላ ጎማ ዘይት በጽሑፍ ይያዝ። ሁለት ደቂቃ ነው።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? እኛ ደግሞ እንጠይቅ። ስድብ አያስፈልግም፣ ፀብም አያስፈልግም። «ወንድም ዓለም፣ ስትታጠፍ የሚቀጨቅጨው ሴሚያሱ ነው እንዴ? አሳይተኸዋል?» ማለት በቂ ነው። «ሴት ልጅ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» ቢባልም ግድ የለም፤ ጆሮ ጾታ የለውም። አንድ ሰው ሲጠይቅ ነገረኛ ይባላል። አምስት ሰው ሲጠይቅ ሾፌሩ ማታ ለባለንብረቱ የሚነግረው ነገር ያገኛል፤ «ሰው መሳፈር እየፈራ ነው» ይለዋል። ባለንብረት ደግሞ ይኼን ቋንቋ ይሰማል። መኪናው እየተርገፈገፈ ቁልቁለት ሊጀምር ከሆነ ግን ጥያቄ ሳይሆን መውረድ ነው የሚያዋጣው። ቀጣዩን መኪና መጠበቅ ያናድዳል፤ ያናድዳል እንጂ አይገድልም።

ቴፑን ትንሽ ቀንሱት። መኪናው እያወራ ነው። መጀመሪያ ላስቲኩ ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ኩታበር ድረስ አብሽር እየተባባልን እንሄዳለን።